«የግርዶሽ ወቅት» ሲባል ፀሐይ ጨለመች ማለት አይደለም
ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ተማሪ ስለ ሂኖዴ ሳተላይት ሲያነብ «የግርዶሽ ወቅት» የሚል ነገር ገጠመው። «ፀሐይ በየቀኑ ትጨልማለች እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ሂኖዴ ጃፓን በ2006 እ.ኤ.አ. ያመጠቀችው፣ ፀሐይን በኤክስሬይም የሚያይ ሳተላይት ነው። ምድርን በ98 ደቂቃ ገደማ ይዞራል። ምህዋሩ የተመረጠው አብዛኛውን ዓመት ፀሐይን ሳያቋርጥ እንዲያይ ታስቦ ነው። ከግንቦት እስከ ሐምሌ ግን በየዙሩ ምድር ራሷ ለጥቂት ደቂቃዎች ፀሐይን ትጋርድበታለች፤ «የግርዶሽ ወቅት» የሚባለው ይህ ነው። ጨረቃ የለችበትም! እኛ ጋ ማታ ፀሐይ ከኮረብታ ጀርባ ስትገባ እንደማለት ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ኤክስሬይን አየር ይውጠዋል። ስለዚህ ምድር ፀሐይን ከመሸፈኗ በፊት ከባቢ አየሯ ምስሉን ያደበዝዘዋል። ከ3000 ሜትር በላይ የሆነው የመንዝ ጓሳ ላይ የሂኖዴን ቴሌስኮፕ ብንተክለውም በኤክስሬይ ፀሐይን አያይም።