ስንኝ በፊደል አይቆጠርም

ወጣቶች ግጥማቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ ብዙዎቹ ስለ ምን እንደጻፉ ከመንገራቸው በፊት «ፊደሉ እኩል ነው፣ ቆጥሬዋለሁ» ይሉኛል። ይህን ስሰማ ዓመታት ተቆጠሩ፤ በጣም ሰልችቶኛል።

የግጥም ምት የሚለካው በፊደል ሳይሆን በቀለም ነው፤ ቃሉ ከአፍ ሲወጣ በሚከፈልበት የድምፅ ቁራጭ ማለቴ ነው። «አበባ» እና «ልብስ» ወረቀት ላይ 3፣ 3 ፊደል ናቸው። ጮክ ብላችሁ በሏቸው፦ አ-በ-ባ 3 ቀለም፣ ልብስ አንድ ብቻ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ አናባቢውን ጥሎ ከጎረቤቱ ጋር ይጣበቃል፤ ጽሕፈታችን ግን ይህን አያሳይም።

አንዲት ተማሪ ያመጣችልኝ ግጥም ውስጥ «አበባ ለበሰች» ከሚለው ትይዩ «ልብስ ስትገዛ» የሚል ነበር። ሁለቱም 7 ፊደል ናቸው። ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ አነበብኩላት። ለመጀመሪያው 6 ጊዜ መታሁ፣ ሁለተኛው ግን 6 ሳይሞላ አለቀ። «እኩል ነው እኮ!» አለችኝ። እኩልነቱ ለዓይን ነበር።

አሁን ደግሞ ተረቱን ውሰዱ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል፣ በእግሩ ይሄዳል»። የመጀመሪያው ሐረግ 10 ፊደል፣ ሁለተኛው 8። እንደ ፊደል ቆጣሪዎቹ ከሆነ ጎዶሎ ነው። «በእግሩ»ን ሳትውጡ ስትሉት ግን ቀስ-በ-ቀስ-እን-ቁ-ላል፣ በ-እግ-ሩ-ይ-ሄ-ዳል፦ 6 በ6፣ ልክ የወል ቤት የተባለው የግጥም ዓይነት ሚዛን። ሌሎቹ የግጥም ዓይነቶች፣ ሰንጎ መገን 5 በ5፣ ቡሄ በሉ 4 በ4 ይሄዳሉ። በቡሄ ዱላቸውን መሬት እየመቱ የሚጨፍሩ ልጆች ፊደል ቆጥረው አያውቁም፤ ምታቸው ግን አይዛነፍም።

«ቤት ከመታ ግጥም ነው» የሚሉም አሉ። መጨረሻው ቢገጥም መሃሉ ከተንገዳገደ ጆሮ ይሰናከላል።

«ያለ ሰምና ወርቅ ግጥም የለም»? ሰምና ወርቅ የትርጉም ጥበብ ነው፣ ምት ሌላ ጉዳይ ነው።

«ዜማ ለዘፈን እንጂ ለንግግር አይደለም» የሚለውም ስህተት ነው። «መጣ» የሚለውን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ብትጨርሱት ወሬ ነው፣ ከፍ ብታደርጉት ጥያቄ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። የሚጠብቀው ድምፅ የፊተኛውን ቀለም ስለሚያከብደው፣ አላልቶ ያነበበ ሰው ትርጉሙንም ምቱንም አብሮ ያበላሻል። መድረክ ላይ ጥሩ ግጥም በዚህ ምክንያት ሲሞት ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሁልጊዜም ያናድደኛል።

ስለዚህ ግጥማችሁን ለሌላ አንባቢ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ከሚጠብቀው ፊደል በላይ በእርሳስ ነጥብ አድርጉ። ከዚያ ስንኙን ጠረጴዛ እየመታችሁ አንብቡት፤ ጣታችሁ የሚደናገርበት ቦታ ላይ ቃሉን ቀይሩ።