የመታሰቢያ ኳርተሮች የሰብሳቢ ዋጋ አተማመን

አሜሪካ ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ የአምስት ግዛቶች መታሰቢያ ኳርተር (የ25 ሳንቲም፣ ማለትም የሩብ ዶላር ሳንቲም) አወጣች፤ በደላዌር ተጀምሮ በሃዋይ አበቃ። በ2009 የዋሽንግተን ዲሲና የአምስቱ የባሕር ማዶ ግዛቶች፣ ከ2010 እስከ 2021 የብሔራዊ ፓርኮችና የመሰል ሥፍራዎች፣ ከ2022 እስከ 2025 ደግሞ የታዋቂ ሴቶች ኳርተሮች ተከተሉ። በየቤቱ በጠርሙስ የተጠራቀሙት አብዛኞቹ ዋጋቸው ያው 25 ሳንቲም ነው። የ2000ው ቨርጂኒያ ብቻ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተመቷል።

መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። ተራው ኳርተር መሀሉ መዳብ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር አለው፤ ሚዛን ላይም 5.67 ግራም ይሆናል። ጠርዙ ነጭ ሆኖ ‹ኤስ› ፊደል ካለበት ለሰብሳቢ ከብር ማዕድን የተሠራ ሊሆን ይችላል። እስከ 2018 ያሉት 90 በመቶ ብር፣ 6.25 ግራም ናቸው፤ ዋጋቸውም በውስጣቸው ካለው የብር ማዕድን የገበያ ዋጋ በታች አይወርድም።

ቀጥሎ በሳንቲሙ ላይ ካለው የጆርጅ ዋሽንግተን ምስል ጸጉር ኋላ ያለችው፣ ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የምታሳየው ፊደል ትታያለች። ‹ፒ› ፊላደልፊያ፣ ‹ዲ› ዴንቨር፤ ሁለቱም ብርቅ አይደሉም። ‹ደብሊው› ግን ዌስት ፖይንት ነው። በ2019 እና በ2020 አሥር ንድፎች፣ እያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ብቻ ተመትተው ሆን ተብሎ ከተራው ገንዘብ ጋር ተቀላቅለዋል። የ2020ዎቹ ‹ቪ75› የሚል ትንሽ ምልክትም አላቸው። ከመልስ ውስጥ ሲገኙ ማስቀመጥ ያዋጣል።

የአመታት ስህተት ያለባቸውን ሳንቲሞች በመለየት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በ2004 ‹ዲ› ዊስኮንሲን ላይ ከበቆሎው በስተግራ አንድ ትርፍ ቅጠል ያለባቸው አሉ፤ ቅጠሉ ወደ ላይ የቆመበትና ወደ ታች የታጠፈበት ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ ንጹሖቹ በአሥሮች የሚቆጠር ዶላር ያወጣሉ። በ2005 ‹ፒ› ሚኒሶታ ላይ ደግሞ ትርፍ ዛፍ የሚታየው ማተሚያው ራሱ ሲቀረጽ ስለተደረበ ነው። ይህ በማጉያ መነጽር ሲታይ ክብና ሙሉ ቅርጽ አለው። ማተሚያው በሚመታበት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠረው ጠፍጣፋ፣ ደረጃ መሳይ ጥላ ግን ዋጋ የለውም፤ በኢንተርኔት ‹ብርቅ› ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ይኸው ነው። ቅባት ማተሚያውን ደፍኖት ፊደል የጎደለባቸውም በጥቂት ዶላር ያልፋሉ።

ከዚያ በኋላ የሚወስነው ይዞታው ነው። ሳንቲም ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጠዋል፤ ከ60 ጀምሮ ያለው ያልተገለገለበት ነው። ተራ ኳርተር 67 ካልደረሰ ለደረጃ ሰጪ ድርጅት የሚከፈለው ራሱ ከሳንቲሙ ዋጋ ይበልጣል። በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማጠብ አይገባም፤ ጭረቱ በመብራት ሥር ወዲያው ይታያል፣ ገዢም ይሸሻል። ለስላሳ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከረጢትም ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል። በወርቅ የተለበጡና ቀለም የተቀቡ የቴሌቪዥን ገበያ ስብስቦች ለሰብሳቢ የተበላሹ ሳንቲሞች ናቸው።

ዋጋ ሲጣራ በኢንተርኔት መሸጫው ኢቤይ የተጠየቀውን ሳይሆን ‹ተሽጧል› የሚለውን ዝርዝር፣ ያውም ተመሳሳይ ፊደልና ደረጃ ያለውን ማየት ነው።