የጓሮ ጌሾ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ቆረጣው፣ ገፈፋውና ስጡ

ጌሾ ጠላና ጠጅ የሚጠነሰስበት ቁጥቋጦ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በሰበታ፣ በሆለታ፣ በሱሉልታና በሰንዳፋ፣ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ሦስት እግር ጌሾ ያለው ግቢ ብርቅ አይደለም። ስለ ጠጁ ብዙ ተጽፏል። ጌሾው ተቆርጦ ጆንያ እስኪገባ ስላለው ሥራ ግን ነገሬ ያለው ጥቂት ነው። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው በሰበታ በኩል ካሉ ግቢዎች የታየ ስለሆነ፣ ወደዚያ ቢያደላ አይገርምም።

ተክሉ

ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ነው። ከኤርትራ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በዱር ይበቅላል። ካልቆረጡት ቁመቱ 6 ሜትር ይደርሳል። ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ፍሬው መጀመሪያ ይቀላል፣ ሲበስል ይጠቁራል። ወፎች ይወዱታል፤ ስለዚህ ማንም ሳይተክለው ከአጥር ሥር ብቅ ይላል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ይስማማዋል።

ጠጅ በቤተ መንግሥት ግብር ይቀርብ ነበር፤ ጠላ ደግሞ የሁሉም ቤት ነው። በአካባቢው ኦሮምኛ ጠላው ፋርሶ፣ ጠጁ ዳዲ ይባላል።

ቆረጣና ገፈፋ

ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አያጣም። ቢሆንም ለስጥ የሚሆነው በጋ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲቆረጥ፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለጥርም ሠርግ ይደርሳል።

ጠዋት ጤዛ እያለ አይነካም። ፀሐይ ሞቅ ብላ ቅጠሉ ሲደርቅ ማጭድ ይወጣል። ግንዱ ከሥሩ አይቆረጥም፤ ጉልበት ድረስ ይተዋል። ከዚያ ላይ እንደገና ያቆጠቁጣል። ቁስሉ ላይ ውኃ እንዳይተኛበት አሰያፎ መቁረጥ ይሻላል። ሁለት ሦስት ቅርንጫፍ ሳይነኩ መተውም የተለመደ ነው። ተክሉን ራቁቱን ማስቀረት ነውር ነው፣ ቢያንስ አክስቴ ዘንድ።

ከዚያ ገፈፋው ይመጣል። የቅርንጫፉን ጫፍ በግራ እጅ ይይዙና በቀኙ ወደ ታች ይስቡታል፤ ቅጠሉ እየተራገፈ ሰፌድ ላይ ይወርዳል። ገና ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መዳፍ ይለበልባል። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ እንጀራ የቆረሰ ጉርሻው ሬት ይሆንበታል፤ ልጆች አንድ ጊዜ ከሞከሩት አይረሱትም። የቸኮለ ደግሞ ሳይገፍ ቅርንጫፉን እንዳለ ያሰጣና ሲደርቅ በዱላ ይመታዋል። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግን ይሰባበራል።

የተራቆተው እንጨት አይጣልም። ጣት የሚያህለው ተመርጦ ይከታተፋል፣ ወፈር ያለው ይሰነጠቃል፣ ለብቻው ይሰጣል። በተለምዶ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ነው። ሁለቱንም ለጠላ የሚቀላቅሉ ቤቶች አሉ። ለጋው ቅጠል ይሻላል ወይስ የጠነከረው በሚለውም ሰው አይስማማም።

ስጡ

ጌሾ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ሰሌን ወይም ሸራ ላይ ስስ ተደርጎ ይዘረጋል። ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሰበሰባል። ክምር ሆኖ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ይጠቁራል። አንድ ኅዳር ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ የእኛን ስጥ ሙሉውን ጥቁር አድርጎታል። ጠላ ሊጠነስስበት የደፈረ ሰው አልተገኘም።

ጥላ ሥር የደረቀ አረንጓዴነቱን ይይዛል የሚሉ አሉ። ሰበታ ላይ ግን ፀሐይ ነው፤ የሰበታ ጠላ ደግሞ ማንንም አሳፍሮ አያውቅም። መድረቁ የሚታወቀው በእጅ ነው። ሲጨብጡት ተንኮሻኩሾ ከደቀቀ ደርሷል። ከተጣጠፈ ገና ነው። ገበያ ላይም ልምድ ያላት ገዢ መጀመሪያ እጇን ጆንያው ውስጥ ሰዳ እስከ መሐል ትዳብሳለች። ሚዛን እንዲያነሳ ውኃ የሚያርከፈክፍ ነጋዴ አይጠፋማ።

የደረቀው ሙቀጫ ውስጥ በዘነዘና ይወቀጣል። ሠርግ ካለ ሥራው የአንድ ሰው አይደለም። ጎረቤት ተጠርቶ፣ እየተዘፈነ፣ ጌሾ ወቀጣ የሚባል ራሱን የቻለ ድግስ ይሆናል።

ሥራው በጋኑ ውስጥ

ለጠላ የተወቀጠው ቅጠል በውኃ ተበጥብጦ፣ በግራዋ ታጥቦ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆያል። ይህ ጥንስስ ነው። ብቅሉ፣ ቂጣውና አሻሮው በየተራው ይከተላል። ለጠጅ እንጨቱ በማር ውኃ ውስጥ ገብቶ ከርሞ ይወጣል። የጌሾን ምሬት ከሚሰጡት ውህዶች አንዱን ኢትዮጵያውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ ጌሾይዲን ብለውታል። ስሙ ከአገር ቤት መውጣቱ ደስ ይላል። ቢራ ፋብሪካዎች ለዚሁ ምሬት ከውጭ የሚያስመጡት ሆፕስ ከጌሾ ጋር አይዛመድም፤ የሥጋ ዘመዱ ካናቢስ ነው።

ቅጠሉን ለቶንሲል የሚያኝኩ፣ ለጭርትም የሚቀቡ አሉ።

ግቢው

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ በተመሠረተው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። የእንጨት አጥሩ በብሎኬት ሲተካ፣ ጌሾው አጥር ሥር ስለሆነ መጀመሪያ የሚነቀለው እሱ ነው። የግቢው ሰዎች ኮንዶሚኒየም ሲገቡ ደግሞ ጌሾ ከገበያ ይገዛል፤ በጥር ወር ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ በሰፌድ ተሰጥቶ ይታያል።