የዝላይ ሜዳ ወለል ምንድን ነው? «ለስላሳ ነው» ማለት ለምን አይበቃም

የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ሊገመግም የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ አሸዋውን በጫማው ተረከዝ ጫን ጫን ያደርግና «ለስላሳ ነው» ወይም «ደርቋል» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግን በቀላሉ ይሳሳታል፤ ሰው በእግሩ የሚፈትነው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነውና። 550 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከ1.40 ሜትር መሰናክል ሲወርድ፣ ቀድሞ በሚያርፈው አንድ የፊት እግሩ ላይ ለቅጽበት ከመላ ሰውነቱ ክብደት የሚበልጥ ጫና ያርፋል። ያ ጫና የላይኛውን አሸዋ አልፎ ከስር ያለውን ያገኛል። በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ አምስት ሴንቲሜትር ልል አሸዋ ቢነሰነስ ለእግረኛው ፍራሽ፣ ለፈረሱ አስፋልት ነው።

ስለዚህ የዝላይ ሜዳ ወለል ማለት ከላይኛው አሸዋ እስከ ታችኛው የውሃ መውረጃ ድረስ ያሉት ንብርብሮች ሁሉ፣ በውስጣቸው ካለው እርጥበት ጋር፣ ለሰኮናው የሚሰጡት ምላሽ ነው። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን (ኤፍኢአይ) እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው የወለል ሰነድም «ለስላሳ» እና «ጠንካራ» በሚሉት ቃላት አልረካም። ባሕርያቱን ለያይቶ አስቀመጠ፦ የመጀመሪያው ምት ጥንካሬ፣ ጫናን የማርገብ አቅም፣ መልሶ የመግፋት ኃይል፣ ሰኮናን የመያዝ ብቃት፣ እንዲሁም ከቦታ ቦታና ከሰዓት ሰዓት አለመለዋወጥ። እነዚህ የሚለኩት ክብደት የተጫነበትን የብረት ሰኮና ወደ መሬት በሚለቅ፣ የፈረስን የፊት እግር በሚያስመስል መሣሪያ ነው።

ባሕርያቱ የተለያዩ የሆኑበት ምክንያት በአንዲት እርምጃ ውስጥ በተለያየ ቅጽበት ስለሚሠሩ ነው። ሰኮናው መሬት ሲነካ የሚያገኘው የላይኛውን ንጣፍ ነው። ይህ በጣም ከጠነከረ ንዝረቱ በሰኮናው ውስጥ ወዳሉት አጥንቶችና መገጣጠሚያዎች ይወጣል። ቀጥሎ ሰኮናው ወደ ፊት ጥቂት ይንሸራተታል፤ ይህ መንሸራተት ጉድለት አይደለም፣ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ጨርሶ ካልተንሸራተተ እግሩ በድንገት ይገታና ኃይሉ ወደ አንጓዎቹ ይሄዳል፤ አብዝቶ ከተንሸራተተ ደግሞ ፈረሱ መተማመኛ ያጣል፣ ጡንቻውን ያኮማትራል፣ እርምጃውን ያሳጥራል። ከዚያ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ እግሩ ላይ ሲጫን ከሰኮናው በላይ ያለው አንጓ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፣ ከእግሩ በስተኋላ ያሉት ጅማቶችም እንደ ተወጠረ ገመድ ይለጠጣሉ። በዚህች ቅጽበት ወሳኙ ከስር ያለው ንብርብር ጫናውን የማርገብ አቅሙ ነው። በመጨረሻ ተረከዙ ይነሳል፣ የሰኮናው ጫፍ አሸዋውን ይቆነጥጥና ወደ ኋላ ይገፋል። አሸዋው ከተፈረካከሰ ግፊቱ ባክኖ ይቀራል።

ዝላይ ይህን ሁሉ ያጎላዋል። ሲነሳ ሁለቱ የኋላ እግሮች መሬቱን በአንድነት ይገፋሉ፤ መሬቱ ከሸሸባቸው ፈረሱ ቁመት ያጣል፣ አግዳሚውንም ይጥላል። ጋላቢው «ዛሬ ሰነፈብኝ» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የአሸዋው ሊሆን ይችላል። ሲያርፍ የፊት እግሮቹ አንዱ ሌላውን ተከትለው ይወርዳሉ፣ ወዲያውም መታጠፍ ይመጣል። መሬቱ ሰኮናውን አጥብቆ ይዞ ሰውነቱ ሲዞር የሚጠመዘዘው አንጓው ነው። «ይበልጥ የሚይዝ ወለል ይበልጥ ደህና ነው» የሚለው አስተሳሰብ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱም እንደ ወለሉ ዓይነት ይለያያል። ጠንካራ ወለል ሰኮናን፣ አጥንትንና የመገጣጠሚያ ልስልስ አጥንትን ያደክማል። ጥልቅና ልል አሸዋ ምቱን ቢያለዝብም ጡንቻን ያዝላል፣ በኋለኛው የእግር ጅማትና አንጓውን ደግፎ በሚይዘው ጅማት ላይም ሥራ ይጨምራል። ጅማት በከባድ ግልቢያ ጊዜ የሚለጠጠው ወደሚጎዳበት ልክ ተጠግቶ ስለሆነ የድካም ጥቂት ጭማሪ ትልቅ ዋጋ አለው። ከሁሉም የሚከፋው ግን አሥር እርምጃ ጠንካራ፣ አሥራ አንደኛው ጎድጓዳ የሆነው ወለል ይመስለናል። ፈረስ የእግሩን ግትርነት ከመሬቱ ጋር ያስማማል፤ ያልጠበቀውን ግን ማስማማት አይችልም።

አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ወንዝ ጠጠር የተድቦለቦለ ቅንጣት እርስ በርሱ ይንከባለላል፣ አይጨብጥም። በጣም ሹል የሆነው ደግሞ ሰኮናንና ብረት ጫማን ይፍቃል። የሚመረጠው ጠርዙ በመጠኑ የተሸራረፈ፣ የታጠበ፣ አብዛኛው ቅንጣቱ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ የኳርትዝ አሸዋ ነው። ደቃቅ ጭቃ ከበዛበት ሲደርቅ ይጠቀጠቃል፣ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ክረምት ላይ የሚያጣብቀውን፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቀውን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ፋይበር፣ ማለትም ክር መሰል ቁርጥራጭ፣ የሚጨመረው ቅንጣቶቹን ለማስተሳሰር ነው። በሰም የተለበጠ አሸዋ ውሃ ብዙም አይፈልግም፣ ነገር ግን በሙቀት ይለሰልሳል፣ በቅዝቃዜ ይጠነክራል።

ንጹህ አሸዋ ሲነጠፍ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጀምሮ እያዩ መጨመር ይሻላል፤ መጨመር ቀላል ነው፣ አንዴ የፈሰሰን ማንሳት ግን ፍዳ ነው። ፋይበር ያለበት አሸዋ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ከ12 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይነጠፋል። 60 በ40 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ውፍረት ማለት 24 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው፤ ሲገዙ ይህን ማስላት ይበጃል። ከአሸዋው በታች ጂኦቴክስታይል የሚባል ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ፣ ከዚያ የተጠቀጠቀ የተፈጨ ድንጋይ፣ ከዚያ ውሃ የሚያወጡ ቧንቧዎች ይገባሉ። መሠረቱም ራሱ የወለሉ አካል ነው። በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የግሪኒች ፓርክ ሜዳ የተሠራው በምሰሶዎች በተደገፈ መድረክ ላይ ስለነበር የላይኛው አሸዋ ብቻውን ታይቶ ሊፈረድበት አይችልም ነበር።

ከአሸዋው ዓይነት ይልቅ በየቀኑ ልዩነት የሚፈጥረው ውሃ ነው። ደረቅ አሸዋ ይበተናል፣ እርጥብ አሸዋ ይጨብጣል፣ በውሃ የጠገበው ደግሞ ይፈሳል ወይም ይጠነክራል። በእጅ ጨብጦ መፈተን ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ መዳፍ ሲከፈት ቅርጹን ይዞ መቆየት አለበት፣ ውሃ ግን መንጠብ የለበትም። ትክክለኛ ቁጥር የሚፈልግ 1 ኪሎ እርጥብ አሸዋ መዝኖ በምድጃ ያድርቅ፤ 890 ግራም ከቀረ እርጥበቱ ከደረቁ ክብደት 12 በመቶ ገደማ ነው። በራስ ሜዳ ላይ ፈረሶች በደንብ የሄዱበትን ቀን ቁጥር መዝግቦ ወደዚያ መመለስ ከማንም ምክር ይሻላል። በዚያው 60 በ40 ሜዳ ላይ 5 ሚሊሜትር ውሃ ማርከፍከፍ 12,000 ሊትር ይፈጃል፤ «በጎማ ቱቦ ትንሽ አጠጣነው» የሚባለው አቧራውን ከማስተኛት አያልፍም። ሲያጠጡ የላይኛው ብቻ ረጥቦ ከስር ደረቅ እንዳይቀር ቆፍሮ ማየት ነው።

ሌላው መከስከስ ነው። መከስከሻው ጥርሱ የላይኛውን ንጣፍ አላልቶ፣ ከኋላው ያለው ሲሊንደር መልሶ መጫን አለበት። ጥርሱ እስከ መሠረቱ ከወረደ ድንጋይ ያወጣል፣ ያ ሜዳ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይድንም። አሸዋው ከአጥሩ ስር ስለሚከመር ወደ መሐል መሳብ ያስፈልጋል። መሰናክሎች በአንድ ቦታ ለሳምንታት ከቆሙ መነሻና ማረፊያው ይጎደጉዳል፣ በዙሪያው ያለው ይጠቀጠቃል፤ ማዘዋወር ነው። ሴንቲሜትር የተቀረጸበት ቀጭን ብረት ይዞ በብዙ ቦታ ጥልቀቱን መለካት የዓይንን ስህተት ያርማል። ፋንድያ ወዲያው መነሳት አለበት፤ ሲበሰብስ የሚተወው ደቃቅ ነገር ያንሸራትታል።

ሣር የራሱ ሕግ አለው። በጀርመኑ አኸንና በእንግሊዙ ሂክስቴድ ዋናዎቹ የዝላይ ሜዳዎች ሣር ናቸው። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ዝናብ ሲዘንብ ግን ሁኔታው በሰዓታት ይለወጣል። ስለዚህ በብረት ጫማው ላይ እየተጠመዘዙ የሚገቡ ብሎኖች ያስፈልጋሉ፤ ለደረቅ መሬት አጭርና ሹል፣ ለረጠበው ሰፋና ረዘም ያለ። ረጅም ብሎን በጠንካራ መሬት ላይ ሰኮናውን ዘንበል አድርጎ ያቆመዋል፣ ስለዚህ ከውድድሩ በኋላ ወዲያው ይፈታል።

ወለል መቀየር በራሱ ጫና ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት አሸዋ ብቻ የሠራ ፈረስ በድንገት ጥልቅ ወይም ጠንካራ ሜዳ ላይ ከፍ ያለ መሰናክል ቢዘልል ጅማቱና አጥንቱ አልተዘጋጁም። በአዲሱ ወለል ላይ በእርምጃና በሶምሶማ ጀምሮ፣ ዝላዩን ዝቅ አድርጎ፣ በሳምንታት ውስጥ ማሳደግ ይገባል። ማነከስ ከታየ የእንስሳት ሐኪሙ ፈረሱን በጠንካራም በለስላሳም መሬት በክብ ያሶመስመዋል። በጠንካራው ላይ የሚብሰው ችግር ብዙ ጊዜ ወደ ሰኮና፣ በጥልቁ ላይ የሚብሰው ደግሞ ወደ ጅማት ያመለክታል። ስለዚህ ለሐኪሙ ሲደውሉ ያነከሰበትን ቀን ብቻ ሳይሆን በምን ዓይነት መሬት ላይ እንደነበር፣ ያ መሬትም በዚያ ቀን ምን ያህል እርጥበት እንደነበረው መንገር ምርመራውን ያፋጥናል።