ድጋሚ ሲሞቅ የሚጥም ሳርማ ብቻ ነው

ቦስኒያ ውስጥ አንዷ ከድሮ ፍቅረኛዋ ጋር ልትታረቅ ስታስብ ጓደኞቿ ቶሎ የሚወረውሩላት አባባል አለ፦ «ሳሞ ዬ ሳርማ ዶብራ ፖድግሪያና»። ድጋሚ ሲሞቅ የሚጥም ሳርማ ብቻ ነው እንደማለት ነው። ክሮኤሺያና ሰርቢያም ውስጥ ይባላል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የቀዘቀዘ ፍቅር እንደገና ቢጣድ አይጥምም፣ ይቅርብሽ። እኛ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ከምንለው ጋር ይቀራረባል፣ ግን የእኛው በሩን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ የእነሱ ለአንድ ነገር ብቻ ክፍት ይተወዋል። ለሳርማ!

እና ለምን ሳርማ? መልሱ ድስቱ ውስጥ ነው።

ሳርማ ሥጋና ሩዝ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል ምግብ ነው። ቦስኒያን ኦቶማን ቱርኮች በ1463 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከያዟት በኋላ ከእነሱ ማዕድ ወርሳዋለች። ክረምት ላይ በኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይሠራል። ጸደይ ሲመጣ ደግሞ ተራው የለጋ የወይን ቅጠል ነው፤ በወይን ቅጠል የተሠራውን ቦስኒያዎች «ያፕራክ» ይሉታል። በተለይ የአገሪቱ ደቡብ ክፍል ሄርዞጎቪና፣ ሞስታርና ስቶላጽ ከተሞች አካባቢ፣ ወይን የሚያበቅል አገር ስለሆነ ቅጠሉ ከደጅ ይቀጠፋል። ቤሩት ወይም ኩዌት ሰው ቤት የሠሩ እህቶቻችን «ወረቅ ዒነብ» ብለው ዘመዱን በደንብ ያውቁታል፣ ስንቱን ጠቅልለዋል!

አሠራሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። ቅጠሉ በፈላ ውሃ ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግንዱ ይቆረጣል። የተፈጨ የበሬ ወይም የበግ ሥጋ ከሩዝ፣ በደቃቁ ከተከተፈ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይታሻል። ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ወደ ታች፣ ደም ሥሩ የሚታየው ሸካራው ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋል፣ መሙያው መሐል ላይ ይቀመጣል፣ ግራና ቀኙ ይታጠፍና ይጠቀለላል፤ ግን እንዳይጠብቅ፣ ሩዙ ሲያብጥ ቦታ ካጣ ቅጠሉን ይቀደዋል። ከዚያ ድስት ውስጥ ጥግግት አድርጎ መደርደር ነው። እንዳይንሳፈፍ ሳህን ይደፋበታል፣ ውሃ ወይም የሥጋ መረቅ እስኪሸፍነው ይጨመራል፣ በዝግተኛ እሳት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ይንተከተካል። ማማሰል ክልክል ነው። ድስቱን ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ብቻ።

ታዲያ በዚያው ቀን ቢበላም ይጣፍጣል፣ እርጎ ደፍተው ይበሉታል። ግን ሲያድር ሌላ ምግብ ይሆናል። ሩዙ መረቁን እየጠጣ ያድራል፣ የቅጠሉ ኮምጣጣነት እስከ ሥጋው ይደርሳል፣ የረጋው መረቅ እንደገና ሲሞቅ ቀልጦ ሁሉንም ያርሰዋል። የኮመጠጠው ጎመን ከደረቀ የጢስ ሥጋ ጋር ሲሆን ደግሞ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው በግልጽ ይበልጣል። ፍም ላይ የተጠበሰውን ቼቫፒ (ድቡልቡል የተፈጨ ሥጋ) ግን በማግስቱ አሙቁት እስቲ፤ ድርቅ ይላል። ቡሬክም (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ የሥጋ መጋገሪያ) ቢሆን ያ ኩርሽም ኩርሽም የሚለው ነገሩ ይጠፋል። አባባሉ «ብቻ» ማለቱ ትንሽ ማጋነን አለው፣ ግን ከእነዚህ ጎን ስታስቀምጡት ያመናችሁት ይመስለኛል። (ሩዝ ስላለበት ውጭ አይደር። ቶሎ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ስትበሉት እስኪፋጅ አሙቁት።)

በጣም የምወደው ግን አባባሉን የሚገለብጡትን ነው። የተመከረችው ልጅ ዝም አትልም። «አዎ፣ ግን ሳርማ ሲሞቅ ነው የሚበልጠው!» ብላ ያንኑ ምግብ ለራሷ ምስክር ትጠራዋለች። ከዚህ የተነሳ «የሞቀ ሳርማ» ማለት ብቻውን ወደ ድሮ ፍቅር መመለስ የሚል ትርጉም ይዟል፤ ተናጋሪው እየነቀፈም እየደገፈም ሊሆን ይችላል፣ የሚለየው በድምፁ ነው። እኔ በነቀፋው በኩል ነኝ። ሳርማው በማግስቱ የሚጥመው መጀመሪያውኑ በዝግታ በደንብ ስለበሰለ ነው፤ ጥሬ ሆኖ የወረደ፣ ወይም ታች ያረረ ድስት ስንቴ ቢጣድ ምን ዋጋ አለው?