ውድ ውስኪ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ላይ የሰርግ ወቅት ሲመጣ ውስኪ መግዛት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለምላሽ ይፈለጋል፣ ለሽማግሌዎች ይፈለጋል፣ ከውጭ ለመጣ ወንድም ይፈለጋል። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። ቀረጡ፣ ኤክሳይዙ፣ 15 በመቶ ቫቱ ይደራረብበትና ባገሩ መካከለኛ የሚባለው ጠርሙስ እዚህ ሲደርስ የቅንጦት ዕቃ ይሆናል። ያን ያህል ብር የሚያወጣ ሰው በሰማው ወሬ ብቻ ሲገዛ ሳይ አዝናለሁ። ከከዚራ እስከ መጋላ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጎልዱ ከብላኩ ይበልጣል፣ ብሉው የሁሉም አባት ነው»

በጆኒ ዎከር ቤት ቀለሙ የሚነግራችሁ የዋጋ ደረጃን ነው። ዕድሜን አይደለም። ብላክ ሌብል ላይ 12 ዓመት ተጽፏል፣ ግሪን ሌብል ላይ 15 ዓመት። ጎልድ ሌብል ሪዘርቭ እና ብሉ ሌብል ላይ ግን ምንም ዕድሜ አልተጻፈም። ይህ መጥፎ አያደርጋቸውም፤ ብሉው በጣም ለስላሳ ውስኪ ነው። ግን ከምትከፍሉት ብር ውስጥ የስሙና የሳጥኑ ድርሻ ትንሽ አይደለም። ግሪኑ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠሩ ውስኪዎች ቅልቅል ነው፤ ሌሎቹ ላይ ከሌላ እህል የወጣ ቀለል ያለ ውስኪም ይገባል። አጣጥሞ ለሚጠጣ ሰው ስጦታ ብገዛ እኔ ከጎልዱ በፊት ግሪኑን ነው የምጠይቀው። ለሰርግ ጠረጴዛ ድምቀት ከሆነ ደግሞ ጎልዱ ያምራል፣ አልከራከርም።

«ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ይጣፍጣል»

ብዙ ብር የሚባክነው እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እንወቅ። የስኮትላንድ ውስኪ ላይ 12 ተብሎ ሲጻፍ፣ በቅልቅሉ ውስጥ ያለው በዕድሜ ትንሹ ውስኪ 12 ዓመት በበርሜል ቆይቷል ማለት ነው። ከዚያ በላይ የቆየም ሊኖርበት ይችላል። በሕጋቸው ከ3 ዓመት በታች በኦክ በርሜል የቆየ ነገር ስኮች ተብሎ አይሸጥም።

አሁን ስኮቹን ከቡርበን፣ ማለትም በዋናነት ከበቆሎ ከሚሠራው የአሜሪካ ውስኪ ጋር አስተያዩት። ስኮትላንድ ቀዝቃዛ አገር ነው። በርሜሎቹም አብዛኞቹ ቀድሞ ቡርበን ወይም ሼሪ የሚባለው የወይን ጠጅ የነበረባቸው ናቸው። ስለዚህ ውስኪው ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው። ቡርበን ግን በሕግ አዲስ በርሜል ውስጥ መግባት አለበት፣ ያውም ውስጡ በእሳት የከሰለ። ቡርበን በብዛት የሚሠራባት የአሜሪካዋ ግዛት የኬንታኪ በጋ ደግሞ ሞቃት ነው። ሲሞቅ መጠጡ ወደ እንጨቱ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይወጣል፣ ቀለሙንና የቫኒላ ጠረኑን ይዞ ይመጣል። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እንዲህ እየሆነ 20 ዓመት ቢቆይ እንጨት እንጨት የሚል፣ አፍ የሚያደርቅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የ8 ዓመት ቡርበንን «ከ18 ዓመቱ ስኮች ያንሳል» ብሎ መናቅ ልክ አይደለም።

ታዲያ ያረጀው ለምን ውድ ይሆናል? አንዱ ምክንያት ስለሚተን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በየዓመቱ ከበርሜሉ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። 18 ዓመት የጠበቀ ፋብሪካ ብዙ መጠጥ አጥቷል፣ መጋዘንም አሲዟል። የምትከፍሉት ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለጠፋውም ጭምር ነው።

«ጠቆር ያለው ያረጀ ነው»

አይደለም። ስኮች ላይ የካራሜል ቀለም መጨመር ይፈቀዳል። በቀለም ዕድሜ አይታወቅም።

«ቡርበን ማለት ጣፋጭ የገባበት ውስኪ ነው»

ተቃራኒው ነው። በአሜሪካ ሕግ ቡርበን ላይ ቀለምም ማጣፈጫም መጨመር ክልክል ነው፤ የጥንካሬውን መጠን ለማስተካከል ውሃ ብቻ ይገባል። ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ጣፋጭነቱ የሚመጣው ከበቆሎውና ከከሰለው እንጨት ነው። ኬንታኪ ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው የሚባለውም ስህተት ነው፣ በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ሊሠራ ይችላል። ማር ወይም ፖም የገባባቸው ጠርሙሶች ግን አሉ። ለምሳሌ ጃክ ዳንኤልስ ሃኒ ሊከር፣ ማለትም ጣፋጭ የተጨመረበት መጠጥ ነው፣ የአልኮል መጠኑም 35 በመቶ ብቻ ነው። ስታይሉ ስላማረ በዋናው ውስኪ ዋጋ እንዳትገዙት።

የአሜሪካ ውስኪ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ለምትችሉ ሦስት ቃላት ልንገራችሁ። «ስትሬት» የሚል ካያችሁ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» እ.ኤ.አ. በ1897 ከወጣ የአሜሪካ ሕግ የመጣ ነው። የአንድ ፋብሪካና የአንድ ወቅት ምርት መሆን፣ ቢያንስ 4 ዓመት መቆየትና በ50 በመቶ አልኮል መታሸግ አለበት። ለገንዘቤ ዋስትና የምፈልገው እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነው። «ስሞል ባች» የሚለው ግን በሕግ የተወሰነ ትርጉም የለውም። ለእሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

«ቡፌ ላይ በቆየ ቁጥር ይበስላል»

ስንት ቤት ገብቼ ልጁ ሲመረቅ ሊከፈት የተቀመጠ ጠርሙስ አይቻለሁ! ሐሳቡ ደስ ይላል። ውስኪ ግን የሚበስለው በእንጨት ውስጥ እንጂ በብርጭቆ ውስጥ አይደለም። 12 ዓመቱ 30 ዓመት ቡፌ ላይ ቢቀመጥም 12 ነው። እንዲያውም ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። ድሬ ውስጥ መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት፣ ጨለማ ቁምሳጥን ታችኛው መደርደሪያ ይሻለዋል። እንደ ወይን አታስተኙት፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ተከፍቶ ከግማሽ በታች የቀረ ከሆነ ደግሞ በወራት ውስጥ መዓዛው ስለሚደክም ከወዳጅ ጋር ጨርሱት።

«እኔ እውነተኛውን በአረፋው አውቀዋለሁ»

አቦ፣ ይሄን እባካችሁ ተዉት። ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋ ማየት ቢበዛ የአልኮሉን ጥንካሬ ይጠቁማል። እሳት ለኩሶ ማየትም አይረዳም፣ ማንኛውም ጠንካራ አልኮል ይነዳል። ሐሰተኛ መጠጥ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው መርዛማ አልኮል፣ ሜታኖልም ይነዳል። ሜታኖል ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲቀየር የዓይን ነርቭን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ችግሩ ደግሞ ምልክቱ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ከጠጣ ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት፣ የሚያስመልሰውና ትንፋሹ የፈጠነ ሰው «ሰክሮ ነው፣ ይተኛ» አይባልም። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ማየት ያለባችሁ ሌላ ነው። ማሸጊያው ሳይነካ መኖሩን፣ ክዳኑ ያለ ድምፅ የሚሽከረከር አለመሆኑን፣ ከጎኑ ካሉት ጋር የመጠጡ ከፍታ እኩል መሆኑን እዩ። የጽሑፉን ፊደላትና በጠርሙሱ ላይ የታተመውን የምርት ኮድ ፈትሹ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ሁሉ በጣም ከወረደ ተዉት፣ ዕድለኛ ሆናችሁ አይደለም። ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ ምረጡ። ናይት ክለብ ጠርሙስ ስታወርዱ ፊታችሁ ይከፈት። ባዶውን ለቆራሌው ስትሰጡ ደግሞ ወረቀቱን ቧጭሩ፣ ክዳኑን ለብቻው ጣሉ። ሐሰተኛው መጠጥ የሚሞላው በእውነተኛው ጠርሙስ ነው።

«ውሃ ካስገባህበት አበላሸኸው»

ውስኪ የሚቀምሙ ባለሙያዎች ራሳቸው 20 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ውሃ ጨምረውበት ነው የሚያሸቱት። ጥቂት ጠብታ መዓዛውን ይከፍተዋል። ብዙ በረዶ ግን ጠረኑን ያፍነዋል። በኛ ሙቀት በረዶ መፈለግ ሐጢአት አይደለም፣ ግን በበረዶና በኮካ ለምትጠጡት ውድ ጠርሙስ አትግዙ። ሬድ ሌብል ይበቃል።

«ውድ ውስኪ አንጎበር የለውም»

አንጎበርን በዋናነት የሚወስነው የጠጣችሁት የአልኮል መጠን ነው። ቡርበን ደግሞ ከበርሜሉና ከመፍላቱ የሚመጡ ብዙ ንጥረ ነገሮች ስላሉበት ከቮድካ ይልቅ ጠዋት ላይ ሊከብድ ይችላል።

«ለጨብሲ ጥሩ ውስኪ ነው የሚሻለው»

ከበርጫ የሚነሳ ሰው ምላሱ ደርቋል፣ አፉም በጫቱ መሯል። በዚያ ሰዓት የ18 ዓመቱን ከ3 ዓመቱ የሚለይ ሰው አላውቅም። ከዚህ የሚከፋው ጫቱ ስካሩን መሸፈኑ ነው፤ ሰውየው አልሰከርኩም ብሎ ይጨምራል፣ ከዚያም ባጃጁን አስነስቶ ይሄዳል። ጥሩ ጠርሙስ ካላችሁ ጫት ላልተቃመበት ቀን አቆዩት፤ ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ከውሃ ጋር፣ በትንሽ መለኪያ።