ፓስወርዱ የጠፋ አሮጌ ራውተር፦ የሚባለውና እውነታው

ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ አካባቢ ከዓመታት በፊት የተገጠመ ራውተር ወይም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ አንቴና ያለው ሱቅ አይጠፋም። የገጠመው ልጅ ስልክ ቀይሯል፣ ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። ያኔ ከሚሰጠው ምክር ግማሹ ዕቃውን ያስጥላል።

«የዋይፋዩን ፓስወርድ ካወቅን ይበቃል።»
የዋይፋዩና የራውተሩ ፓስወርድ የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው ኔትወርኩን ለመጠቀም፣ ሁለተኛው የራውተሩን ሴቲንግ ለመክፈት። ገጣሚው ለሁለቱም አንድ አድርጎት ሊሆን ስለሚችል ግን መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ።

«ሴቲንጉን ለመክፈት ብሮውዘር ላይ የሚጻፈው አድራሻ ሁሌም 192.168.1.1 ነው።»
ብዙ ሰው «ተቃጥሏል» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። የዲ-ሊንክ ራውተሮች በብዛት 192.168.0.1፣ ማይክሮቲክ 192.168.88.1፣ የዩቢኩዊቲ ናኖስቴሽን አንቴና 192.168.1.20 ናቸው። ናኖስቴሽን ከፋብሪካ ሲወጣ ለኮምፒውተር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) አያድልም፤ ስለዚህ በላፕቶፑ የኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ራስዎ አይፒውን 192.168.1.50፣ ሰብኔት ማስክ የሚለውን 255.255.255.0 ብለው ይሙሉ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፍተው በኔትወርክ ኬብል ብቻ ይግቡ። በስልክ ከሆነ ዳታውን ይዝጉ፤ አለበለዚያ ስልኩ ወደ ኢንተርኔት ይሄድና ገጹ አይመጣም።

«ገጹ ካልተከፈተ ራውተሩ ሞቷል።»
ጥፋቱ የብሮውዘሩም ሊሆን ይችላል። ዋና ዋናዎቹ ብሮውዘሮች ቲኤልኤስ የሚባለውን የግንኙነት መቆለፊያ አሮጌ ቨርዥኖች፣ 1.0ን እና 1.1ን፣ ከ2020 (በፈረንጆች) ጀምሮ መቀበል አቁመዋል፤ አንዳንድ አሮጌ ዕቃ ደግሞ ከዚያ ሌላ አያውቅም። የአድራሻውን መነሻ ከኤችቲቲፒኤስ (https) ወደ ኤችቲቲፒ (http) ቀይረው ይሞክሩ። ካልሆነ ብሮውዘሩ ያልታደሰ አሮጌ ላፕቶፕ ከኢንተርኔት ነጥለው ይጠቀሙ።

«ፓስወርዱን ለማጥፋት ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው።»
በአንዳንድ የቲፒ-ሊንክ ሞዴሎች ሪሴትና ደብሊውፒኤስ (ያለ ፓስወርድ ዋይፋይ ማገናኛ) አንድ ቁልፍ ናቸው። ለአጭር ጊዜ ከተጫኑት ደብሊውፒኤስ ይነሳል እንጂ ምንም አይጠፋም። ራውተሩ እንደበራ 10 ሰከንድ ያህል፣ መብራቶቹ ብልጭ እስኪሉ ይያዙት።

ከዚያ በፊት ግን ወረቀትና እስክሪብቶ! መስመርዎ በፒፒፒኦኢ (ራውተሩ በዩዘርኔምና በፓስወርድ ወደ አገልግሎት ሰጪው የሚገባበት ዘዴ) የሚሠራ ከሆነ የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድም አብሮ ይደመሰሳል። ራውተሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ኢንተርኔት ግን የለም። እነዚህን ከኢንተርኔት ውልዎ ላይ ፈልገው ከጻፉ በኋላ ሪሴት ያድርጉ፤ ከሌለዎት አስቀድመው ከአገልግሎት ሰጪው ይጠይቁ።

«ጫፉ ራውተሩ ውስጥ ከገባ ማንኛውም የኃይል አዳፕተር ይሠራል።»
መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። 9 ቮልት በሚፈልግ ራውተር ላይ 12 ቮልት መሰካት ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል። ከራውተሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ቮልቱ እኩል፣ አምፔሩ እኩል ወይም በላጭ ይሁን።

«ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) መጫን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።»
ነው፤ መብራት ካልሄደ። መሃል ላይ ከጠፋ ዕቃው ላይነሳ ይችላል። የላፕቶፑ ባትሪ ለራውተሩ አይረዳውም፤ ራውተሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ላይ ይሰኩት። ፋይሉ ከሞዴሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ከራውተሩ ሥር ከተጻፈው የሃርድዌር ቨርዥን ጋርም መገጣጠም አለበት።

«ከተከፈተ እንደ ድሮው ይቀጥላል።»
የድሮ ዕቃ ከአምራቹ የደህንነት ማሻሻያ ማግኘት ካቆመ ከኢንተርኔት ጋር ፊት ለፊት አይቀመጥ። አዲስ ፓስወርድ ያስገቡ፣ የርቀት መቆጣጠሪያውን ይዝጉ። የዋናው ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ አሮጌውን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዲኤችሲፒውን (አይፒ አዳዩን) ያጥፉና ከዋናው ራውተር የሚመጣውን ኬብል ዋን (WAN) በሚለው ሳይሆን ላን (LAN) በሚለው ቀዳዳ ሰክተው ዋይፋይ ማስፋፊያ ያድርጉት።